የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎፍና የስንዴ ጠባይ

ባለፈው ዓመት በባዮሎጂ ፈተና ላይ ስለ ዕፅዋት ጠባይ አንድ ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። ጥያቄውም በብርድ አገር ሲዘራ የኖረ ስንዴ ብርድን የመቻል ኃይል ከየት እንዳገኘ እንድናስረዳ የሚያዝ ነበር። እኔም ብዙ ሳልጨነቅ፥ ስንዴው ብርዱን እየለመደ ሄዶ ልማዱን ለዘሩ ያወርሳል ብዬ ጻፍሁ። መምህራችን መልሱን በቀይ ቀለም ሰረዙት። ነገሩ በጣም ቅር አሰኘኝ፤ ምክንያቱም አሳቡ የእኔ ብቻ ሳይሆን የአያቴም ነበር። አያቴ በሁሩታ ዙሪያ ስንዴና ገብስ ሲያርሱ ሽበት ያበቀሉ ሰው ናቸው፤ ከሌላ አገር የመጣ ዘር አፈሩን እስኪለምድ ድረስ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል ሲሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ይህንኑ ለመምህሬ ባስረዳኋቸው ጊዜ ሳይቆጡ፥ በዚሁ ጥያቄ ምክንያት ታስሮ ስለ ሞተ አንድ ሊቅ እንዳነብ መከሩኝ። የሊቁ ስም ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎፍ ይባላል። ዘንድሮ ለመጽሔታችን ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ ከእርሱ ታሪክ የተሻለ የምጽፈው አላገኘሁም። ዓመቶቹን የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ አስፈላጊ በመሰለኝ ስፍራ ግን የእኛንም ጨምሬአለሁ።

ቫቪሎፍ በ1887 በሩስያ አገር በሞስኮ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተነሥቶ ወደ ከተማ የገባና በንግድ የበለጸገ ሰው ነበር። ወንዶች ልጆቹንም በንግድ ትምህርት ቤት አስገባቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ንግዱን ትተው ወደ ሳይንስ ሄዱ። ታናሽየው ሰርጌይ በፊዚክስ ስመ ጥር ሆነ። ኒኮላይ በ1906 በሞስኮ የእርሻ ተቋም ገብቶ በ1911 ትምህርቱን ፈጸመ። በ1913 ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ስለ ዘር ውርስ ተማረ። ይህ ጄኔቲክስ የተባለው ጥናት በዚያን ጊዜ ገና ጨቅላ ነበር፤ የሜንዴል የአተር ሙከራ ተረስቶ ከቆየበት የተነሣው በ1900 ነው።

በ1916፥ አንደኛው የዓለም ጦርነት በሚካሄድበት ጊዜ፥ በፋርስ አገር የሰፈሩ የሩስያ ወታደሮች ዳቦ እየበሉ ይታመሙ ጀመር። ምክንያቱን እንዲመረምር ቫቪሎፍ ተላከ። ስንዴውን ቢመለከተው እንክርዳድ ተቀላቅሎበት አገኘው። እንክርዳድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በወንጌል ምሳሌ እንሰማዋለን፥ እናቶቻችንም ስንዴ ሲለቅሙ ከሰፌዱ ላይ እያነሡ ይጥሉታል። ቫቪሎፍ ግን የተላከበትን ከፈጸመ በኋላ ወዲያው አልተመለሰም። በፋርስና በፓሚር ተራሮች እየተዘዋወረ የእህል ዘር ሰበሰበ። ዕድሜውን ሙሉ ያልተወው ሥራ በዚህ ዓይነት ተጀመረ።

ስለ ሊቁ ከመቀጠሌ በፊት ስለ ዕፅዋት ጠባይ ጥቂት መናገር ያስፈልገኛል፤ ያለዚያ በኋላ የመጣው ጠብ በምን እንደ ተነሣ ግልጽ አይሆንም። እንስሳ ፀሐይ ሲበረታበት ጥላ ይፈልጋል፥ ሲጠማውም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ተክል ግን በበቀለበት ይኖራል፥ በበቀለበትም ይሞታል። ስለዚህ አካባቢው ሲለወጥበት የሚመልሰው አበቃቀሉን በመለወጥ ነው። ባቄላ በጣሳ ዘርታችሁ በመስኮት አጠገብ ብታኖሩት በጥቂት ቀን ውስጥ አንገቱን ወደ ብርሃኑ ያዘነብላል። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ በ1880 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የሣር ቡቃያ ጫፉ በቆብ ቢሸፈን ወደ ብርሃን መታጠፉን እንደሚተው አስረዱ። ብርሃኑን የሚያውቀው ጫፉ ነው፤ የሚታጠፈው ግን ከጫፉ በታች ያለው ክፍል ነው። እንግዲያውስ ከላይ ወደ ታች የሚላክ መልእክተኛ አለ ማለት ነው። ይህንንም መልእክተኛ ፍሪትስ ቬንት የተባለ የሆላንድ ወጣት በ1920ዎቹ ከአጃ ቡቃያ ጫፍ በረጋ ነገር ላይ አጠራቅሞ መኖሩን አሳየ። ዛሬ ኦክሲን እንለዋለን። በጥላው በኩል ያሉት ሴሎች ኦክሲን በብዛት ስለሚደርሳቸው ይረዝማሉ፥ ተክሉም ወደ ብርሃኑ ይጎብጣል።

ተክል ወቅትንም ያውቃል። ጋርነርና አላርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1920 አንዳንድ ዕፅዋት የሚያብቡት የቀኑን ርዝመት ለክተው መሆኑን አስታወቁ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀናችን ዓመቱን ሙሉ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ በሩስያ ሰሜን ግን በሰኔ ወር ሌሊቱ ገና ሳይጨልም ይነጋል።

ለእኛ ታሪክ ዋናው ግን ብርድ ነው። በአውሮፓ በረዶ ከመውደቁ በፊት የሚዘራ ስንዴ አለ። እነርሱ የክረምት ስንዴ ይሉታል፤ ነገር ግን ክረምት ስንል ለእኛ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ስለሚታሰበን እኔ የብርድ ስንዴ ብዬዋለሁ። ይህ ስንዴ ቡቃያው ብዙ ሳምንት ብርድ ካልቀመሰ ዛላ አያወጣም። ዘሩን አምጥተን በሁሩታ በሰኔ ብንዘራው እንደ ሣር ጥቅጥቅ ብሎ ይበቅል ይሆናል፤ ኅዳር ደርሶ ጎረቤት ሁሉ ማጭድ ሲስል ወይም ኮምባይነር ሲጠራ ግን የእኛ ማሳ ለከብት መኖ እንጂ ለአውድማ አይሆንም። ተክሉ ይህን ማድረጉ ስንፍና አይደለም። በረዶው ገና ሳይመጣ በሞቃት ቀን ተታሎ ቢያብብ አበባው ይሞትበታል፤ ስለዚህ ብርዱ መጥቶ ማለፉን እስኪያረጋግጥ ይጠብቃል። በ1918 ጋስነር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ፥ የብርድ ስንዴ ዘር አርጥቦ ሊያቆጠቁጥ ሲል ለሳምንታት በብርድ ቢቆይ፥ በኋላ በጸደይ ቢዘራም እንደሚያፈራ አሳየ። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ የቫቪሎፍ መከራ የመጣው በዚህችው በኩል ነው።

ቫቪሎፍ በ1917 በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው በሳራቶፍ ከተማ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። በ1920 ስሙን ያስጠራውን ሕግ አወጣ። ሕጉ፥ በአንድ እህል ላይ የሚታየው ልዩ ልዩ መልክ በዘመዱም ላይ በተመሳሳይ ሥርዓት ይገኛል የሚል ነው። ለምሳሌ በዛላው ላይ እንደ ጢም የሚቆም ሹል ፀጉር ያለውና የሌለው በአንዱ የስንዴ ወገን ከታየ፥ በሌላውም ወገን ቢፈለግ አይታጣም። በ1921 ወደ ፔትሮግራድ ተዛወረ። ይህች ከተማ በኋላ ሌኒንግራድ ተብላለች፤ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ ናት። በዚያም የሚመራው ተቋም የዓለምን የእህል ዘር ሁሉ በአንድ ቤት ለማከማቸት ተነሣ።

ከሥራው ሁሉ ይልቅ እኔን የማረከኝ ከ1923 ጀምሮ ያደረገው ሙከራ ነው። አንዱን ዘር ከፋፍሎ፥ ከሰሜኑ ቀዝቃዛ ምድር እስከ ደቡቡ በረሓ ድረስ በልዩ ልዩ ጣቢያ አዘራው፤ ጣቢያዎቹም እየተጨመሩ ሄደው ከመቶ በለጡ። ያው አንድ ዘር በአንዱ ስፍራ ረዘመ፥ በሌላው አጠረ፤ በአንዱ ፈጥኖ ደረሰ፥ በሌላው ዘገየ። የዛላው ቀለምና ጢሙን የመሰሉት ግን የትም ቢዘራ ብዙም አልተለወጡም። እንግዲህ በአንድ ተክል ላይ የሚታየው ነገር ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ ተክሉ ለስፍራው የሚሰጠው መልስ ነው፤ ሌላው ከወላጆቹ የያዘው ነው። እኔ በፈተናው ላይ እነዚህን ሁለቱን አደባልቄ ነበር።

ወደ አገራችን የመጣው የሜዲትራንያንን ባሕር አገሮች ከጎበኘ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያና የሶቪየት መንግሥት ገና አምባሳደር ስላልተለዋወጡ አመጣጡ ቀላል አልነበረም። ከጅቡቲ የተነሣበት ባቡር በድሬዳዋና በአዋሽ አልፎ በእኛው በአዳማ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ነው። ጊዜው 1927 መጀመሪያ፥ በእኛ 1919 ዓ.ም. ነበር። ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ነበሩ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንንም ቫቪሎፍን ተቀብለው ስለ ሩስያ አብዮት ጠየቁት፥ በአገሩም ውስጥ እንዲዘዋወር ፈቀዱለት። ከዚያም በቅሎ አስጭኖ ወደ ሰሜን ተጓዘ። አባይን ተሻግሮ በጎንደርና በአክሱም አድርጎ እስከ አስመራ ደረሰ። መንገዱ በአርሲ በኩል ባለመሆኑ እኔ ትንሽ ቀንቻለሁ።

በየገበያውና በየማሳው እየቆመ ስንዴውን፥ ገብሱን፥ ጤፉንና ኑጉን ሰበሰበ። ካስደነቁት ነገሮች አንዱ በአንድ ማሳ ውስጥ ነጩ፥ ቀዩና ጥቁር ሐምራዊው ስንዴ ተቀላቅሎ መብቀሉ ነው። ሌላው ከአክሱም አጠገብ ያገኘው ነው። ፓስታና መኮሮኒ የሚሠራበት ጠንካራ ስንዴ እስከዚያ ጊዜ የሚታወቀው ከነጢሙ ነበር፤ በሕጉ መሠረት ግን ጢም የሌለውም መኖር ነበረበት። ሊቃውንት ይህንን በማዳቀል ለማውጣት ደክመውለት ነበር። የአክሱም ገበሬ ግን ማንም ሳይነግረው ሲያጭደው ኖሯል።

ቫቪሎፍ አገራችንን የእህል ዘር ከፈለቀባቸው የዓለም ማዕከሎች መካከል ቆጠራት። ስንዴን በሚመለከት በኋላ የተነሡ ሊቃውንት መጀመሪያ የተለመደው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው፥ ወደ እኛ ከመጣ በኋላ ግን እጅግ ብዙ መልክ አወጣ ይላሉ። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ሁሩታ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚህ ቁልቁል ወደ ደራ ብንወርድ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሙቀት እንገባለን፥ ሽቅብ ወደ ጭላሎ ብንወጣ ደግሞ ጋቢ ያስፈልገናል። በአንድ ቀን በእግር በሚታለፍ አገር ላይ ስንዴ ብዙ ዓይነት ኑሮ መኖር አለበት።

አሁን ወደ ጠቡ ደረስሁ። በ1929 ቫቪሎፍ የአገሩ የእርሻ ሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ። በዚሁ ዘመን ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ፥ የዩክሬን ገበሬ ልጅ የሆነ የእርሻ ባለሙያ፥ የብርድ ስንዴ ዘርን አርጥቦና አቀዝቅዞ በጸደይ በመዝራት ስሙ ተነሣ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ እውነት ነው። ቫቪሎፍም መጀመሪያ ደግፎታል፤ በተለያየ ጊዜ የሚያብቡትን ስንዴዎቹን በአንድ ጊዜ እንዲያብቡ አድርጎ ለማዳቀል ዘዴው ይጠቅመኛል ብሎ ነበርና። ሊሴንኮ ግን በዚህ አልቆመም። ብርድና ሙቀት የስንዴውን ባሕርይ ከነዘሩ ይለውጡታል፥ የብርዱን ስንዴ ለዘለቄታው የጸደይ ስንዴ ማድረግ ይቻላል፥ ጂን የሚባለውም ነገር ከንቱ ፈጠራ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ለዚህ ማስረጃ አድርጎ ካቀረባቸው ዋና ሙከራዎች አንዱ በ1935 የተጀመረው ኮኦፔራቶርካ በተባለ የብርድ ስንዴ ነው። የተጀመረውም በሁለት ተክል ብቻ ሲሆን አንዱ በመሐሉ ሞተ። እኛ እንኳ በትምህርት ቤት ባቄላ ስንዘራ ከሁለት ፍሬ በላይ እንድንዘራ ታዘናል።

ታዲያ መንግሥቱ እንዴት አመነው? በ1932 እና በ1933 በሶቪየት አገር ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ በረኃብ አልቆ ነበር። ቫቪሎፍ አዲስ የእህል ዝርያ ለማውጣት ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይጠይቅ ነበር፤ ሊሴንኮ በሁለትና በሦስት ዓመት አደርሳለሁ አለ። ለተራበ አገር የትኛው ቃል ደስ እንደሚያሰኝ የታወቀ ነው። እኔም በዚያ ዘመን ብኖር ከሊሴንኮ ጋር እቆም ነበር ብዬ እፈራለሁ፤ በፈተናው ወረቀት ላይ የጻፍሁት የእርሱን አሳብ ነበርና።

ዛሬ ነገሩ ተመርምሮ ታውቋል። በብርድ ስንዴ ውስጥ ማበብን የሚከለክል ጂን አለ። ብርዱ ለሳምንታት ሲቆይ ሌላ ጂን ቀስ በቀስ ይነቃና ያንን ከልካይ ጸጥ ያሰኘዋል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ብርድ፥ አንድ ቀን ሙቀት ቢፈራረቅበት ተክሉ አይሳሳትም። ነገር ግን ተክሉ አፍርቶ አዲስ ዘር ሲሠራ ይህ የብርድ ትዝታ ይደመሰሳል። ልጁ እንደ ወላጁ ብርዱን ከመጀመሪያው ይጠብቃል። ወላጁ ሺህ ጊዜ ቢቀዘቅዝ ለልጁ የሚያወርሰው መጠበቅን እንጂ የጠበቀውን አይደለም።

ይህንን በደስታ ለአያቴ ነገርኋቸው። እርሳቸውም አዳምጠው ሲያበቁ፥ ከሌላ አገር የመጣው ዘር በመጀመሪያው ዓመት ሲከፋ በአራተኛው ዓመት የሚያምረው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቁኝ። መልስ ስላልነበረኝ ጥያቄውን ለመምህሬ አቀረብሁ። መምህሬ እንዳስረዱኝ የጥንቱ ዘር በአንድ ጆንያ ውስጥ ብዙ ዓይነት ነው። ስፍራው ያልተስማማው ጥቂት ያፈራል፥ የተስማማው ብዙ ያፈራል፤ ገበሬውም ያማረውን ዛላ ለዘር ያስቀምጣል። ከአራት ዓመት በኋላ በጆንያው ውስጥ ያለው ሌላ ነው። አንዳቸውም ስንዴዎች አልለመዱም፤ የማይሆኑት ቀርተው የሚሆኑት በዙ እንጂ። ወደ አያቴ ተመልሼ ይህንን ብነግራቸው፥ እርሳቸውም ሲናገሩ የኖሩት ይህንኑ እንደ ሆነ ነገሩኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ማናችን እንደ ረታን አልተስማማንም።

ነገሩ ለአርሲ ገበሬ ጨዋታ አይደለም። ዛሬ በአካባቢያችን የሚዘራው ስንዴ አብዛኛው ከምርምር የወጣ፥ ማሳውን ሙሉ አንድ ዓይነት የሆነ ዝርያ ነው። ምርቱ ከድሮው ይበልጣል፤ ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን አንድ ዓይነት ስለሆነ ውስጡ የሚመረጥ የለም። በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ በተነሣ ጊዜ ዲገሉ የተባለው ዝርያ ክፉኛ ተመታ። ዋግን የሚቋቋም አዲስ ዝርያ ለማውጣት፥ ከእኛ ብዙ በማይርቀው በቁሉምሳ እንደሚደረገው፥ ልዩ ልዩ ባሕርይ ያለው ዘር ከሌላ ስፍራ መፈለግ ግድ ነው። ቫቪሎፍ ዘር ሲለቅም የኖረው ለዚህ ነበር።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1935 ሊሴንኮ በስታሊን ፊት ንግግር አድርጎ ተጨበጨበለት። በዚያው ዓመት ቫቪሎፍ ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ፤ በ1938 ሊሴንኮ ወንበሩን ያዘ። ቫቪሎፍ በ1936ና በ1939 በተደረጉት የክርክር ጉባኤዎች ላይ ስለ ዘር ውርስ የሚያምነውን ተናገረ። በነሐሴ 1940 በምዕራብ ዩክሬን ዘር ለመሰብሰብ በወጣበት ሰዎች በመኪና መጥተው ወሰዱት። በዚያን ቀን የሰበሰበው የጥንት ስንዴ በቦርሳው ውስጥ ነበር፤ ጓደኞቹ በኋላ አገኙት። ብዙ ወራት ከተመረመረ በኋላ እርሻን ሆን ብሎ አበላሽቷል፥ ለባዕድም ሰልሏል ተብሎ በሐምሌ 1941 ሞት ተፈረደበት። የጀርመን ጦር ወደ ሞስኮ በተቃረበ ጊዜ ከሌሎች እስረኞች ጋር ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ከተማይቱ ሳራቶፍ ነበረች፤ በወጣትነቱ ያስተማረባት ሳራቶፍ። የሞት ፍርዱ በ1942 ወደ ሃያ ዓመት እስራት ተለወጠለት፤ ነገር ግን በወህኒው ውስጥ በምግብ እጦት ሰውነቱ አልቆ በጥር 26 ቀን 1943 ሞተ። ዕድሜው 55 ነበር። በ1955 የአገሩ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሰርዞ ንጹሕ መሆኑን አስታወቀ።

እርሱ በወህኒ ሳለ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። ከበባው ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 ቆየ፤ በከተማይቱም ስፍር ቁጥር የሌለው ሰው በረኃብ አለቀ። በቫቪሎፍ ተቋም ውስጥ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ የዘር ናሙና ተቀምጦ ነበር፤ ከአገራችን የሄደውም ስንዴ ከዚያው ነው። ሠራተኞቹ አለቃቸው በሕይወት ይኑር አይኑር ሳያውቁ ዘሩን ከአይጥና ከብርድ ይጠብቁ ነበር። ዲሚትሪ ኢቫኖፍ የሩዝ ዘር ክፍል ጠባቂ ነበር፤ በረኃብ ሞተ፥ ሩዙም አልተነካም። አሌክሳንደር ሹኪን የኦቾሎኒው ጠባቂ ነበር፤ እርሱም በሥራው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ሞተ። የሞቱት ሌሎችም ነበሩ።

ይህንን ታሪክ ለአያቴ በነገርኋቸው ማታ ስለ ፍርዱና ስለ እስራቱ ብዙ አልጠየቁኝም። ዘሩ ተረፈ ወይ ብለው ግን ጠየቁኝ። መትረፉን፥ ተቋሙም ዛሬ በቫቪሎፍ ስም እንደሚጠራ ነገርኋቸው። በማግሥቱ ጠዋት ከጎታው በስተኋላ ካለው ቅል ውስጥ አንድ ቁና የማትሞላ ጥቁር ስንዴ አውጥተው አሳዩኝ። ከአባታቸው የቆየች ናት። በዚህ ዓመት በሰኔ ከጓሮ ባለችው ጥግ ልንዘራት ተስማምተናል፤ አያቴ ለምዳለች ይላሉ፥ እኔ ደግሞ ስንት ዓይነት ዛላ እንደምታወጣ እቆጥራለሁ።